በረዶው ሲቀነስ

የትምህርት ክፍል መምረጫው ወረቀት
ተራ ቁጥር አንዱ ባዶ ነው ሦስት ሌሊት።
ሁለት ላይ ነርሲንግ፣ ሦስት ላይ ባዮሎጂ አለበት፤
በእኔው እጅ ጽሕፈት፣
በወንድሜ ምክር፣ በአክስቴ ስለት።
አንድን ግን ዘልዬው፣
እስክርቢቶዬን ሳኝከው፣
«የውኃ ምህንድስና» ብዬ ልጽፍና
«የ» ላይ ስደርስ ቆምኩኝ፣ ቆምኩኝ እንደገና።

ነገሩ የጀመረው ፔዳ ግቢ ነው፣
ካልኩለስ ክፍል ውስጥ፣ ከምሳ በኋላ፣
ሰውን ሁሉ እንቅልፍ ሲያዳፋው።
«ማን ይሞክራታል?» አለ መምህራችን።
ስልሳ ሁለት ነን፤ ሴቶቹ ዘጠኝ ነን፣
ዝምታን እንደ ጨው የምንበዳደር፣ ጎን ለጎን።
መልሱን አውቄዋለሁ። ደብተሬ ጠርዝ ላይ
ስምንት ሦስተኛ ብዬ ክብ አድርጌበታለሁ፣
ክቡን በመዳፌ ከልዬ እንዳይታይ።
መዳፌ ፈቀቅ ሲል ግዛቸው አየና
«ስምንት ሦስተኛ!» አለ፣ ድምፁን ከፍ አርጎና።
«ጎበዝ!» ተባለለት።
ለመልስ ያልተነሣው እጄ
ለጭብጨባው ጊዜ ማንም አልቀደመው፤
አጨበጨበለት።

ቅዳሜ ማለዳ። ጣና ጭጋጉን ገና አላወለቀም።
ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼዋለሁ፣
ከእናቴ ከእናኑ ጋር ዓሣ ልንረከብ ወደቡ ዳር ቆሜያለሁ።
ባለጀልባው ባዘዘው ቆሮሶውን ዘርግፎ
«አርባ ሦስት ኪሎ» አለ፣
ሚዛኑን በአውራ ጣቱ ተደግፎ።
እናቴ ቀና ሳትል፣ ዓሣውን እያየች፣
«አርባ አንድ ነው፤ ጣትህን አልገዛውም» አለች።

«አርባ አንድ በመቶ ሰማንያ፣
ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ።
ሦስቱን ኪሎ ለፀሐይ እንተውላትና፣
ሠላሳ ስምንቱን ለሆቴሉ
በሁለት መቶ ሠላሳ እንሰጥና፣
ባጃጁም መቶ ሃያውን ይወስድና…
በይ፣ ስንት ይተርፈናል ማታ?»

ስልኬን ነካካሁ፣ አባዛሁ፣ ቀነስኩ፣
«አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ» አልኩ።
«በረዶውስ?» አለች፣
ነጠላዋን እያደገደገች።
«በረዶው ሦስት መቶ ሃምሳ። ስምንት መቶ ዘጠና ነው።»
እስክቀንስ አልጠበቀችኝም፤ ባጃጅ ልትጠራ ሄደች።

«እማ፣ አንቺ እኮ ሒሳብ ትችያለሽ!» ብላት
ሳቋ መጣ፤
ቅርፊት የለጠፈ እጇን አፏ ላይ ጣለች።
«እኔ ምኑን አውቄ፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቀረሁ!
ሒሳብማ ያባትሽ ነው» አለች።
አባቴ፣ ነፍሱን ይማረው፣
ዕዳውን ስድስት ዓመት እሷ የከፈለችለት ሰው።

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ቃሉን አውቀዋለሁ።
ፍንጭቷን ለታናሼ፣ ቁመቷን ለወንድሜ አደለች፤
ለእኔ የደረሰኝ ይቺ ነበረች፦
«እኔ ምኑን አውቄ።»

ባጃጁ የዓባይን ድልድይ ሲሻገር
የበረዶው ሳጥን ጉልበቴ ላይ ያንጠባጥባል።
ከታች ውኃው ከሐይቁ ተፈትቶ ይሄዳል፣
ሰፊ ሆኖ፣ ሳይቸኩል፣
መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው።
«በሰከንድ ስንት ይሆን የሚወጣው?» አልኩ፣ ለራሴ።
«ማን ሰፍሮት!» አለች እናቴ።
ትንሽ ቆይታ ግን፣ አንገቷን አውጥታ ቁልቁል እያየች፣
«ወርዱን፣ ጥልቀቱን፣ የሚሮጥበትን የያዘ ሰው
ይደርስበታል እንጂ» አለች።

ገና ያልገባሁበት ትምህርት
የመጀመሪያው ገጽ ነው፤
በዓሣ ሽታ መካከል ተነበበልኝ።

ወረቀቱን አወጣሁ፤ ዳሩ ርሷል።
ባጃጁ እየነጠረ፣ እጄም እየነጠረ፣
«የ» አጠገብ «ውኃ»ን ጻፍኩ፤ ቀለሙ ተዥጎረጎረ።
«ምህንድስና» የሚለው ግን ይነበባል።
«ምንድነው እሱ?» አለች። ነገርኳት።
ድልድዩን ጨረስነው፤ ዝም ብላለች።
«ስንት ዓመት ይቀረዋል?»
«አራት።»
ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ።
እያባዛች ነበር፣
በረዶውን ሳትረሳ።